ድርና ማግ

የተወለድኩት ጎንደር፣ አምቦበር አካባቢ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ የሱም አባት እንደዚሁ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ርስት አልነበረንም። የተነጠቅነው በአፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ነው እያሉ ሽማግሌዎች ይነግሩን ነበር። ስለዚህ የሰው መሬት እያረስን በእጃችን ሙያ እንኖራለን። ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፤ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች፣ ጥጥ ትፈትላለች።

በዚያን ጊዜ አባቴ ክር አይገዛም። ጎረቤት ክርስቲያኗ የፈተለችውን ልቃቂት ይዛ ትመጣለች፤ እሱ ሸምኖ ይሰጣታል፤ ዋጋው እህል ነው። ልቃቂቱን ሲቀበል ክሩን በጣቱ ሳብ አድርጎ ይፈትነዋል። ጠበቅ ብሎ የከረረው ለድር ነው፤ ድር ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ ሲመታ ይውላላ። ላላ ያለው ለማግ ይሆናል፤ ጋቢን የሚያሞቀው እሱ ነው። አባቴ ክሩን ዓይቶ የማን እጅ እንደፈተለው ያውቅ ነበር።

ታዲያ ቀን የሸመንነውን ጋቢ ለብሰው ማታ ቡዳ ይሉናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተው ነበር፤ እኛ መንደር ግን ስድቡ እንጂ ዐዋጁ አልደረሰም።

በግንቦት 1983፣ በፈረንጆቹ 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን መጣን። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ነው የተጓጓዘው። ዕቃ መያዝ የለም። መወርወሪያዬ እዚያው ቀረ። እዚህ ቤር ሼባ ስንገባ አንድ መሥሪያ ቤት ሙያዬን ጠየቁኝ። "ሸማኔ" አልኩ። አስተርጓሚው ተናገረ፤ ጸሐፊዋ "ሙያ የለውም" ብላ ጻፈች። አገሬ በሙያዬ ተሰደብኩ፤ እዚህ ደግሞ ሙያዬ ሙያ አልሆነም። የትኛው እንደሚብስ እስካሁን አልወሰንኩም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በጽዳት ሠራሁ።

ጡረታ ስወጣ ሽኩና ዩድ አሌፍ ባለው ቤታችን፣ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ከእንጨት የሽመና ዕቃ ሠራሁ። አገር ቤት እግራችንን የምናስገባው ጉድጓድ ውስጥ ነበር፤ የመሬቱ እርጥበት ድሩን ያለሰልሰዋል። ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም። ሻራብ የተነሳ ቀን ጥጡ ይደርቅና ድሩ ጠስ ጠስ ይላል። ባለቤቴ እርጥብ ጨርቅ ከሥር ታነጥፍልኝ ነበር።

ክርም አስቸገረኝ። ከሐሙስ የበዱዊን ገበያ አክሪሊክ ገዛሁ፤ ይለጠጣል፣ ድር ሲሆን ይረግባል። የበግ ሱፉ ጥሩ ነው፤ ግን ለምንጣፍ እንጂ ለነጠላ አይሆንም። እዚህ አጠገባችን ላኪያ መንደር የበዱዊን ሴቶች በሱፍ ይሸምናሉ፤ በነሱ ዘንድ የሽመና ሙያ የሴት መሆኑን ሳይ ገረመኝ። በመጨረሻ ለድር የፋብሪካ ጥጥ መረጥኩ። ለማግ ባለቤቴ እንዝርት አሠርታ፣ ከፋርማሲ በሚገዛ ጥጥ ትፈትልልኝ ጀመር። አጭር ስለሆነ ይበጠሳል፤ እሷ ግን ትቀጥለዋለች።

ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። አንድ ልቃቂት ቀርቶ ነበር። ዘንድሮ የልጅ ልጄ ለሲግድ ነጠላ ጠየቀችኝ። ልቃቂቱ ለሙሉ ነጠላ አይበቃም፤ ባስቀምጠው ደግሞ ብል ይበላዋል። በፋብሪካ ክር ሸምኜ፣ ጥለቱ ሥር አንድ ስንዝር ያህል በባለቤቴ ማግ ጨረስኩት። የእጅ ፈትል ወፈር ስለሚል ቦታው ጉልህ ሆኖ ይታያል።

"ሳባ፣ እዚህ ጋ ተበላሽቷል እንዴ?" አለችኝ።

"አልተበላሸም ልጄ፤ ሳብ አድርጊና እዪው" አልኳት። በጣቷ ሳበችው። ዝም አለች።

በኋላ ለትምህርት ቤት ስለ ቤተሰቧ ስትጽፍ አየሁ። የአያት ሙያ በሚለው ቦታ "ኦሬግ" ብላለች፤ ሸማኔ ማለት ነው። አሁን እንዝርቱን ወስዳ እየተለማመደች ነው። ክሯ ገና ለድር አይሆንም።