የጎመንዘር ዘይት ለልጆች ይሆናል?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ጥያቄ ነው። መልሱን ከታች ታገኙታላችሁ፤ ምክንያቱ ግን ታሪክ አለውና መጀመሪያ እሱን ላውጋችሁ።

እኛ አዳማ የምንኖር ሰዎች ጎመንዘርን የምናውቀው ከገበያ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሙቀት አይስማማውም፤ ወደ አርሲና ባሌ ደጋ ስትወጡ ግን በየማሳው ቢጫ አበባውን ታያላችሁ። ፍሬውን እናቶቻችን ፈጭተው ምጣድ ያሰሱበታል። ቅጠሉ ደግሞ ያው የምንበላው የአበሻ ጎመን ነው።

ጎመንዘር ራሱ ድቅል ነው። አባትና እናቱ ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ዘመድ ናቸው። ይህን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1935 በግልጽ ያሳየው ቶኪዮ የተወለደው ኮሪያዊ ሳይንቲስት ው ጃንግ ቹን ነው። ከሰናፍጭ 8፣ ከጎመን 9 ክሮሞዞም፤ ድምሩ የጎመንዘር 17።

ችግሩ ያለው ዘይቱ ላይ ነው። ከዘይቱ ውስጥ ከመቶ 40 ያህሉ ኢሩሲክ አሲድ የሚባል የስብ ዓይነት ነው። ተመራማሪዎች ይህን ስብ በብዛት ሲመግቧቸው የአይጦች የልብ ጡንቻ ውስጥ ስብ ተጠራቀመ። በሰው ልብ ላይ ተመሳሳይ ጉዳት አልተረጋገጠም፤ አይጥ ይህን ስብ የማቃጠል አቅሟ ከእኛ ያነሰ ነው። ቢሆንም የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 7 ሚሊግራም የሚል ወሰን አስቀምጧል፤ በተለይ ለሕፃናት ስጋት እንዳለውም ገልጿል። እስቲ እናስላው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ወሰኑ 70 ሚሊግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የጎመንዘር ዘይት ውስጥ ግን ወደ 1,800 ሚሊግራም አለ።

ካናዳውያን በራሳቸው የዘይት ሰብል ላይ ይኸው ጭንቀት ነበረባቸው። በ1960ዎቹ ዓመታት ኪት ዳውኒና ባልደረቦቹ አንድ ብልሃት አመጡ፦ የሰናፍጭ ያህል ከሆነች ፍሬ ቁራጭ ወስደው ዘይቷን ይመረምራሉ፣ የቀረውን ይተክላሉ። ፍሬዋ ተመርምራም ትበቅላለች! በዚህ መንገድ ኢሩሲኩ ዝቅ ያለውን ዘር ለይተው አራቡ፤ ዛሬ ካኖላ የምንለው ዘይት መነሻው ይህ ነው።

ለእኛው ጎመንዘር ግን ጠቃሚውን ዘረመል ከዘመድ መዋስ አስፈለገ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ጌትነት አለማው ከዳውኒና ከሌሎች ጋር ሆኖ ጎመንዘርን ኢሩሲክ ከሌለው የእስያ ሰናፍጭ ጋር አዳቀለ። ሁለቱ ከአንድ ወገን የሰናፍጭ ዘር ስለሚጋሩ መዳቀል ይችላሉ። የተገኘውን ዲቃላ መልሶ ከጎመንዘር ጋር በማዳቀል ኢሩሲክ የሌለው ጎመንዘር ተገኘ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1994 ታተመ። (በነገራችን ላይ ከሸማቾች ተሰልፈን እንገዛው የነበረው ፓልም ዘይትም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የአፍሪካን ፓልም ከላቲን አሜሪካ ዘመዱ ጋር ያዳቀሉ አሉ፤ የዲቃላው ዘይት የሚረጋው ስብ ያንሳል።)

ኢሩሲኩ የበዛው የድሮ ዓይነትም ፈላጊ አላጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ከጎመንዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ በርሯል። ለሞተር ግሩም ነው፤ ለልጅ ሾርባ ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ጥያቄያችሁ ስመለስ፦ ገበያ ላይ ያለው ጎመንዘር የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም፣ የፍሬው ቢጫ መሆንም ምንም አይነግራችሁም። ስለዚህ ለልጆች የየዕለት ማብሰያ አታድርጉት። ኑግ ወይም ሱፍ ተጠቀሙ። ምጣድ ማሰሻ ላይ የሚቀረው እጅግ ትንሽ ነውና አትጨነቁ። ጎመኑንም ያለስጋት አብሉ፤ ኢሩሲኩ ያለው በፍሬው ዘይት እንጂ በቅጠሉ አይደለም። ልጅ ሆዱን ሲያመው የተወቀጠ ጎመንዘር የምትሰጡ ደግሞ እባካችሁ ተዉት፤ ተቅማጥ ካለው ኦአርኤስ ስጡትና ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ።