የቀለም ነጋዴው ምስል

ነጋዴ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ሚዛንንና ትርፍን፣ የዱቤ መዝገብንም ነው። ነገር ግን ዱቤውን ሳይሰበስብ የሞተ፣ ስሙም ስለዚሁ የተጠበቀለት ነጋዴ በታሪክ ይገኛል። ይኸውም ጁልየን ታንጊ ነው።

ታንጊ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1825 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በብሬታኝ ተወለደ። ወደ ፓሪስ መጥቶ ቀለም በመፍጨት ሥራ ተቀጠረ፤ ቆይቶም ቀለሙን ተሸክሞ ከከተማ ውጭ ለሚሥሉ ሠዓልያን እየዞረ ይሸጥ ነበር። በ1871 ዓ.ም. ኮሙን የተባለው የፓሪስ ሕዝብ ዐመፅ በተነሣ ጊዜ ከዐመፀኞቹ ጋር ተሰልፎ ታሰረ። ከተፈታም በኋላ በሞንማርትር አጠገብ፣ በክሎዜል መንገድ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈተ።

ወደዚህች ሱቅ ይመጡ የነበሩት ሠዓልያን ሥራቸው ገዢ ያጣባቸው ድኾች ነበሩ። ታንጊ ቀለሙንና ሸራውን ይሰጣቸውና በገንዘብ ፈንታ ሥዕላቸውን ይቀበል ነበር። ሚስቱ ዱቤው በበዛ ቁጥር ብታጉረመርምም እርሱ ልማዱን አልተወም። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት በፓሪስ የፖል ሴዛንን ሥዕል ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ታንጊ ሱቅ መሄድ ነበረበት። ሠዓልያኑም በፍቅር «አባባ ታንጊ» ይሉት ነበር።

ከባለ ዱቤዎቹ አንዱ ሆላንዳዊው ቪንሰንት ቫን ጎግ ነበረ። እርሱም የታንጊን ምስል ሦስት ጊዜ ሣለ። ከሦስቱ አንዱ፣ በ1887 ዓ.ም. የተሣለው፣ ዛሬ በፓሪስ በሮዳን ሙዚየም ይገኛል። በዚህ ሥዕል ሽማግሌው ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሰማያዊ ካፖርት ለብሶ፣ እጆቹን አጣምሮ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ከኋላው ቫን ጎግ እጅግ ይወዳቸው የነበሩት የጃፓን ሥዕሎች ግድግዳውን ሞልተውታል፤ ከባርኔጣው በላይም የፉጂ ተራራ ይታያል። በሥዕሉ ላይ ሚዛን ወይም መዝገብ፣ ወይም ሌላ የንግድ ዕቃ አይታይም። ሠዓሊው ባለ ዕዳ ሳለ አበዳሪውን የሣለው እንደ ክቡር ሰው አድርጎ ነው።

ቫን ጎግ በ1890 ዓ.ም. ሲሞት ታንጊ ወደ ኦቬር ሄዶ ቀብሩ ላይ ተገኘ። እርሱም ራሱ በ1894 ዓ.ም. በድኽነት ዐረፈ። በዚያው ዓመት መበለቲቱን ለመርዳት በተደረገው ጨረታ በሱቁ የነበሩት የሴዛን ሥዕሎች በጥቂት ገንዘብ ተሸጡ። ምስሉን ግን ታላቁ ቀራጺ ኦጉስት ሮዳን ገዛው።

ያ ሁሉ ዱቤ በፍራንክ አልተከፈለም። ታንጊ የታመነባቸው ሰዎች ግን ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው ሆኑ፤ የእርሱንም ፊት ከእነርሱ አንዱ አቆየው። ሰው ገና ፍሬው ሳይታይ ሲታመን፣ ያመነው ሰው ማን እንደ ነበረ ማስታወስ የታሪክ ግዴታ ነው።