ፈሳሽ ገለፈት፦ ከፋብሪካ ፍሳሽ ዚንክ የሚለይ ዘዴ

በወልድያና በመርሳ ቤት የሚከደንበት ቆርቆሮ እንዳይዝግ በቀለጠ ዚንክ ተነክሮ የወጣ ነው። እንዲህ ያለው ቆርቆሮ እዚያው ወሎ ውስጥ፣ ኮምቦልቻም ይመረታል። ሉሁ አስቀድሞ በአሲድ ይታጠባል፤ ከእጥበቱና ከንክሩ የተረፈውም ውሃ ዚንክ ይዞ ይወጣል። በከተማዋ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከብረታ ብረት ፋብሪካ በሚወጣው ውሃ ዚንክ፣ ከቆዳ ፋብሪካ በሚወጣው ደግሞ ክሮሚየም በብዛት አግኝተዋል። ውሃው በትናንሽ ወንዞች አድርጎ ቦርከና ይገባል፤ ከቦርከና ከብት ይጠጣል፣ መስኖም ይጠለፋል።

ይህን ብረት ለይቶ ማውጫ አንዱ ዘዴ ሊኩዊድ ሜምብሬን ይባላል። በአማርኛ ፈሳሽ ገለፈት እንበለው። ባቄላን እንደሚሸፍነው ገለፈት ስስ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ልባሱ ራሱ ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ላምባ፣ መሆኑ ነው።

ገለፈቱ በሁለት ውሃዎች መሐል ይሆናል፦ በአንድ በኩል ፍሳሹ፣ በሌላው ጠንካራ አሲድ። ዚንክ ብቻውን በላምባ ውስጥ ስለማያልፍ አሻጋሪ የሚሆን ኬሚካል ይጨመራል። አሻጋሪው ከፍሳሹ ዚንክ ይወስድና በምትኩ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ አሲዱ ጋ ሲደርስ ዚንኩን አራግፎ፣ ሃይድሮጅን ተቀብሎ ይመለሳል። የሚደንቀው ዚንኩ ከሳሳበት ወደ በዛበት መሄዱ ነው። ጉልበቱ የሚገኘው ከሁለቱ ወገኖች የአሲድነት ልዩነት ነው። በፍሳሹ ውስጥ ጥቂት ጥቂት ተበትኖ የነበረው አሲዱ ውስጥ ተጠራቅሞ ለሥራ የሚበቃ ይሆናል።

አሲዱን በላምባው ውስጥ ወደ ደቃቅ ጠብታዎች መትቶ፣ ያንን ድፍርስ ፍሳሹ ውስጥ መበተን ሥራውን በጣም ያፈጥነዋል። ይህን መላ ያመጣው ኬሚስቱ ኖርማን ሊ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። በ1980ዎቹ በኦስትሪያ የሌንዚንግ የቪስኮስ ክር ፋብሪካ ዚንክን ከፍሳሹ በዚሁ መንገድ እየለየ መልሶ ይጠቀምበት ጀመር።

ዘዴው ያለ ችግር አይደለም። ጠብታዎቹ ውሃ ስበው ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉም፤ ያመለጠው ላምባ ደግሞ ራሱ ብክለት ነው። የሉሁ ማጠቢያ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሆነ ዚንኩ ከክሎራይድ ጋር ተጣምሮ አሉታዊ ሙል ሊይዝ ስለሚችል፣ አዎንታዊ ሙል ያለውን ዚንክ የሚይዘውን የሌንዚንግን አሻጋሪ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አያዋጣም።

ለቆዳ ፋብሪካው ክሮሚየም ግን ከዚህ የቀለለ መንገድ ስላለ ከዚያ መጀመር አለበት እላለሁ፦ የክሮም ማልፊያውን ውሃ ከሌላው ፍሳሽ ሳይቀላቅሉ ለብቻው ማጠራቀም፣ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ማዝቀጥ፣ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ ለሚቀጥለው ሌጦ መጠቀም። የፈሳሽ ገለፈት ተራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ለሚቀረው ስስ ቅሪት ነው።