ከንባብ ወደ አቋቋም፦ በሐይቅና በአምባሰል ተውኔትን ስለ ማስተማር

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ የደረሰ መንገደኛ፣ ከውሃው ዳር ቆሞ ወደ ሐይቁ ገባ ብሎ በዛፍ የተከበበውን የእስጢፋኖስን ገዳም ሲመለከት፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ምእተ ዓመት ጉባኤ የዘረጉበትን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ደቀ መዝሙር ሆነው የተቀመጡበትን ስፍራ እያየ መሆኑን አይዘነጋም፤ ነገር ግን በዚያ ጉባኤና እርሱን በመሰሉት ሁሉ ትምህርት እንዴት ይሰጥ እንደ ነበረ፣ ቃሉ ከብራናው ተነሥቶ በተማሪው ጉሮሮ፣ በእጁና በእግሩ አልፎ እንዴት ዕውቀት ይሆን እንደ ነበረ ቆም ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። የዚህ መጣጥፍ ጉዳይ የተውኔት ትምህርት ነው፤ ይሁን እንጂ በዚህ አገር ተውኔትን ለተማሪ የማስተማሪያውን መንገድ ስፈልግ ደጋግሜ የደረስኩት ከዚያው ከጉባኤ ቤቱ ደጃፍ ስለ ሆነ፣ ከዚያ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም።

ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተውኔት ወደ ክፍል ሲገባ የሚገባው ተገንዞ ነው ብል የሚቆጣኝ መምህር ብዙ አይመስለኝም። እኔ ራሴ፣ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት፣ የመጀመሪያውን ተውኔት የተማርኩት፣ መምህሩ የደራሲውን የልደት ዘመን፣ ዐቢይ ጭብጡንና የገጸ ባሕርያቱን ጠባይ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተርታ ጽፈው፣ እኛም አጎንብሰን ገልብጠን፣ በሳምንቱ ደግሞ ያንኑ በፈተና ወረቀት ላይ መልሰን በመገልበጥ ነበር፤ ከተውኔቱ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ ከሰው አፍ ስትወጣ ሳልሰማ ከዘጠና በላይ አግኝቼ የተውኔቱ ዐዋቂ ተባልሁ። መምህሩን አልወቅስም፤ እርሳቸውም የተማሩት እንዲሁ ነበርና።

የዚህ አካሄድ ጉዳት ተማሪውን ማሰልቸቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላስጨነቀን ነበር፤ አሰልቺ ትምህርት ሞልቷል። ጉዳቱ ንባቡን ራሱን ሐሰተኛ ማድረጉ ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያመለክትምና፣ «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ሲሆን፣ «ይመታል» የሚለውም እንደ ንባቡ ሰውየውን ወይ መቺ ወይ ተመቺ ያደርገዋል፤ በዓይኑ ብቻ የሚያነብ ተማሪ ከዚህ መንታ መንገድ ሲደርስ ሳይቆም፣ አንዳንዴም መንታ መሆኑን ሳያውቅ ያልፋል፤ ድምፁን አውጥቶ ለባልንጀራው የሚናገር ግን ከአንድ አፍ ሁለት ንባብ በአንድ ጊዜ ሊወጣ ስለማይችል መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ለመምረጥም ማን ለማን፣ ከምን ነገር በኋላ፣ በምን ቂም ወይም በምን ፍቅር እንደሚናገር አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ሐተታ የምንለው ይኸው ጥያቄ ነው። የአምባሰል ልጅማ የአንድ ግሥን ክብደት ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ከውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል፣ በ17ኛው አንቀጹ አማርኛው «ይቻላቸዋል» ብሎ ለንጉሡ ፈቃድ የተወውን ጣልያንኛው ግዴታ አድርጎ ስለ ጻፈው ያስከተለውን ጠብ አያቶቹ ነግረውታልና።

የቀደሙት ሊቃውንት ይህን ችግር ዐውቀው መላ አበጅተውለታል። በንባብ ቤት ሕፃኑ ፊደል ለይቶ ግእዝ ንባብን፣ ውርድ ንባብን፣ ቁም ንባብን በየተራ ሲወጣ፣ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ ቢሆን ጆሯቸው ከእርሱ ጋር ነው፤ ተነሹን የጣለ፣ ወዳቂውን ያነሣ፣ ሰያፉን ከተጣዩ የደባለቀ ተማሪ፣ የቃሉን ትርጓሜ ገና ያልተማረ ቢሆንም እንኳ «መልሰው!» ይባላል፤ ትርጓሜው በድምፁ መነሣትና መውደቅ ውስጥ እንዳለ መምህሩ ያውቃሉና። ወደ አቋቋም ቤት ስንሻገር ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይረቃል። አንዱ መዝሙር አስቀድሞ በቁም ዜማ ያለ መሣሪያ በዝግታ ይባላል፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው እየዘመመ ሰውነትም ከእርሱ ጋር ይላወሳል፤ ከዚያ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገቡበታል፤ በመጨረሻም በጽፋት ጭብጨባው ተጨምሮ ፍጥነቱ ይበረታል። ከቃሉ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ አራት ጊዜ በተማሪው ሰውነት አለፈ ማለት ነው።

መሪጌቶች ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና፣ ለተውኔት መምህር የማቀርበው ሐሳብ ይህንኑ ሥርዓት ከመቅደሱ ውጭ እንዲዋስ ነው። ከተውኔቱ 20 የማይሞላ ስንኝ ይመረጥ፤ ክፍሉ ሁሉ ክብ ሠርቶ ቆሞ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከአንድ ሥርዓተ ነጥብ እስከሚቀጥለው ድረስ ብቻ አንብቦ ለጎረቤቱ እያቀበለ ምንም ሳይተውን በዝግታ ይወጣው፤ ይህ ቁም ዜማው ነው። ሁለተኛ፣ ሁሉም በአንድነት እየተራመደ፣ ሐሳብ በተለወጠበት ሁሉ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዞረ ይበለው፤ በዚህ ጊዜ፣ አንድ ተናጋሪ ሐሳቡን ስንት ጊዜ እንደሚለዋውጥ እግሩ ለአእምሮው ይነግረዋል፤ ወላዋይን ከቆራጥ የሚለየውም ሰሌዳ ላይ የተጻፈ «ጠባይ» ሳይሆን የመዞሩ ብዛት መሆኑን ማንም ሳያስረዳው ይደርስበታል። ሦስተኛ፣ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ሲናገር ሌላው ቃል ሳይጨምር በፊቱና በአካሄዱ ብቻ ይመልስለት። በአራተኛው ዕቃው፣ በሩ፣ ደብዳቤው፣ ጎራዴው ይግባ፤ ጎራዴው ማስመሪያ ቢሆንም አይከፋም። አራቱ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አያልቁም፤ በሁለት ቀን ግን ያልቃሉ።

ይህ አካሄድ ለአማርኛ ተውኔት መጤ አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰታቸውን በ1910ዎቹ በአዲስ አበባ ቢያሳዩ፣ ነቀፋው በመኳንንቱ ላይ የተሰነዘረ መስሎ ታይቶ ታገደ፤ ከዚያ በኋላ ተውኔት ነፍስ የዘራው በትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ፣ ከጎጃም ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ሀብታቸውን ይዘው የመጡት መምህር፣ እንደዚሁም መላኩ በጎሰው፣ ተውኔቶቻቸውን ሲደርሱ በሞያው የሠለጠነ ተዋናይ አልነበራቸውም፤ ተዋንያኑ ተማሪዎቻቸው ነበሩ፤ የሴቷንም ቦታ ወንዶች ልጆች ይሸፍኑት ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ ተውኔት ቤት አገኘ፤ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተመርቆ ሲከፈትም ሞያው በእውነት ከበረ። በእኔ ግምት ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር ሳይታወቅ ተለየን፤ መድረኩ ወደ ዋና ከተማው ቴአትር ቤት ሲሄድ ለትምህርት ቤቱ የቀረለት መጽሐፉ ብቻ ነበር።

በእንግሊዝ አገር ሄንሪ ኮልድዌል ኩክ የተባለው መምህር፣ በካምብሪጅ በሚገኘው በፐርስ ትምህርት ቤት ልጆቹን ሼክስፒርን በማስተወን ካስተማረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ አስፋፋ፤ በ1980ዎቹም ሬክስ ጊብሰን እንደ ገና አንሥቶ በየትምህርት ቤቱ እንዲዛመት አድርጎታል። ይህን ማንሣቴ ለመመሪያ አውጪዎች ነው፤ ከባሕር ማዶ ካልመጣ የማያምኑ አሉና።

ነገር ግን የሐይቅና የአምባሰል ክፍል የዲያቆናት ልጆች ብቻ የተሰበሰቡበት አይደለም። ከአንድ ወንበር ላይ አንዱ የደጀ ሰላም፣ ሌላው የመድረሳ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ከአቋቋም ብቻ የሚነሣ ሥርዓት ለግማሹ ክፍል ባዕድ ሊሆን ይችላል የሚል ሰው እውነት አለው። መልሱ ቅርብ ነው። ወሎ የመንዙማ አገር ነው፤ በድቤው ምት አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ ሲቀበል እያየ ያደገ ልጅ፣ አንድ ድምፅና ብዙ ድምፅ እንዴት እንደሚመላለሱ ሊያስተምረን ይችላል፤ ቁርአንን በሥርዓተ ንባቡ የቀራውም የትኛው ድምፅ እንደሚሳብና የቱ ላይ እንደሚቆም ከማናችንም በተሻለ ያውቃል። ከሁለቱም ወገን የሆነ ሌላ ሀብት ደግሞ አለ፤ ተሟጋቾች ፊት ለፊት ቆመው በግጥምና በምሳሌ ይረቱበት የነበረው በላ ልበልሃ። ሁለት ነገሥታት፣ ወይም አባትና ልጅ፣ በተውኔት ውስጥ ሲከራከሩ፣ መምህሩ «አሁን ሸንጎ ላይ ናችሁ፤ በሉ ተሟገቱ» ቢል፣ ነጠላው ከትከሻ ወርዶ አገልድሞ የሚነሣ ልጅ ይገኛል።

የትኛው ተውኔት ይመረጥ ለሚለው፣ ሁሉም ለሁሉም እንደማይመች መናገር አለብኝ። ከበደ ሚካኤል የጻፏቸው፣ እንደ «የትንቢት ቀጠሮ» ያሉት፣ ንግግራቸው ረዥምና ምክራቸው ብዙ ስለ ሆነ ከእግር ይልቅ ለጆሮ ይስማማሉ፤ በኅብረት ድምፅ ለማንበብ ግን ወደር የላቸውም። በ1950ዎቹ መድረክ ያዩት የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ና «ያላቻ ጋብቻ» በአንጻሩ በእንቅስቃሴ የተሠሩ ናቸው፤ ማን መቼ እንደ ገባ፣ ማን ማንን እንዳላየ ሳይቆሙ ቢያነቧቸው ሳቁ ይጠፋል። የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶችና ትርጉሞች ደግሞ፣ በስንኙ እኩሌታ ላይ ባለው ዕረፍት፣ ስምንት ቀለም ሄዶ ስምንት ቀለም የሚመለሰውን ረዥም ቤት እየተራመዱ ሲሉት እስትንፋስ የት እንደሚሰበሰብ ያስተምራሉ። መቅደላ ከዚህ ሩቅ አይደለምና የቴዎድሮስን ታሪክ የያዙት፣ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም የጸጋዬም፣ ጎን ለጎን ቢሠሩ አንድ ሰው በሁለት ደራሲ ብዕር ሁለት ዓይነት አካሄድ እንዳለው ይታያል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ በወላጆች ቀን የሚታየውን ትዕይንት የተውኔት ትምህርት ነው ማለትን። በዚያን ዕለት ድምፀ መልካም የሆኑ አምስት ልጆች ለአንድ ወር ከክፍል ቀርተው ይለማመዳሉ፤ የቀሩት ሃምሳው ወንበር ያመላልሳሉ፤ ያጨበጭባሉ። ለበዓሉ ያምራል። ያ ዓይናፋር ልጅ ግን፣ ከኋላ የተቀመጠው፣ አንድም ቀን የንጉሥ ቃል በአፉ ሳያልፍ ዓመቱ ያልቃል።

ይህን የምለው ያን ዓይናፋር ልጅ ስለማውቀው ነው። ከሐይቁ በማይርቅ አንድ ክፍል ውስጥ የ«ሐምሌት»ን አምስተኛ ገቢር፣ የመቃብር ቆፋሪዎቹን ትዕይንት፣ ወስደን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ንባቡ ሲያልቅ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ይሄ ነገር ነውር ነው፤ ሰው በመቃብር አፋፍ ላይ ይቀልዳል እንዴ?» አለች፤ ብዙዎቹም አጉረመረሙላት። ለእኔም የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ ስለ ሼክስፒር ዘመን ልናገር ጉሮሮዬን ስጠርግ ግን፣ እስከዚያ ቀን ቃል ያልተነፈሰው ልጅ ከኋላ ተነሥቶ፣ «እኛ ቅሬ ስንቆፍር እኮ ካላወራን ክንዳችን አይነሣም» አለ። «እንቀልዳለን። ለቀስተኛው ብቅ ሲል ነው ዝም የሚባለው።»

በማግሥቱ ልጁ የቅሬውን፣ ማለት የሰፈሩን ዕድር፣ ዶማና አካፋ ይዞ መጣ። ዶማው እንዴት እንደሚያዝ፣ አንዱ ሲቆፍር ሌላው አካፋውን ተደግፎ እንዴት ተራውን እንደሚጠብቅ፣ ቀልዱ በየትኛው ትንፋሽ መካከል እንደሚገባ አሳያቸው፤ እነርሱም በዚያው ምት ሲናገሩት በወረቀት ላይ የተዘበራረቀ የመሰለው ንግግር መስመር ያዘ። የቀብሩ ሰልፍ ከበሩ በኩል ሲገባም፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ቆፋሪዎቹ ቀና ብለው ዶማቸውን አወረዱና ጸጥ አሉ። ይህ ጸጥታ በመጽሐፉ ውስጥ አልተጻፈም።

ቀጥሎ ክርክር ተነሣ። ቆፋሪዎቹ በተውኔቱ ውስጥ የሚጨቃጨቁት፣ በውሃ ሰጥማ የሞተችው ልጅ በፈቃዷ ሞታ ከሆነ በክርስቲያን ሥርዓት መቀበር ይገባታልን በሚለው ነው። አንዱ ዲያቆን ራሱን ላጠፋ ፍትሐት እንደማይደረግ ተናገረ፤ ከጎኑ የነበረው ሙስሊም ባልንጀራው፣ ሶላት ይሰገድበታል ወይ በሚለው በእነርሱም ዘንድ ዑለማዎች እንደሚለያዩ አስረዳ፤ ያች ነውር ነው ያለችው ልጅ ደግሞ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ እያየች፣ «ተንሸራታ ቢሆንስ? ማን አየ?» ብላ ጠየቀች፤ ይህ ጥያቄ የቆፋሪዎቹም ጥያቄ መሆኑን ወደ መጽሐፉ ተመልሰው ሲያዩት ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ። ደወል ተደወለ፤ የሚወጣ አልነበረም። የወጣው ባለ ዶማው ልጅ ብቻ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ ቅሬው ዕቃውን ይፈልገው ነበር።