እንዶድ፦ ከጓሮ አጥር እስከ ምርምር ማዕከል

በአውሮፓ አትክልተኞች ለአበባው ውበት ሲሉ በጓሯቸው የሚያለሙት ሄሌቦር የተሰኘ ተክል አለ። የጥንት ግሪክ ሐኪሞች ሆድ ለማጠብ ያዙት ነበር፤ መጠኑ ካለፈ ግን የሚገድል መርዝ ነው። በኢትዮጵያም ጓሮ መድኃኒትነትና መርዝነት በአንድ ሥር የበቀሉበት ተክል አለ፤ እርሱም እንዶድ ነው።

እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ በየአጥሩ ላይ እየተጠማዘዘ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ወንዴውና ሴቴው የተለያዩ በመሆናቸው ፍሬ የሚገኘው ከሴቴው ብቻ ነው። ፍሬው ሳይበስል ተለቅሞ፣ ደርቆና ተወቅጦ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። በመሆኑም ፋብሪካ ሠራሽ ሳሙና ከመስፋፋቱ በፊት ለብዙ ዘመናት የእናቶች ልብስ ማጠቢያ ሆኖ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከተ። ከዚያ ከፍ ብሎ ያሉት ግን ሕያው ነበሩ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ጥቂት የእንዶድ አረፋ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት እንድትጨምር ጠየቃት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። የቢልሃርዝያ ትል በሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በእነዚህ የውኃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ በመሆኑ፣ ግኝቱ የበሽታውን ሰንሰለት ከመካከል ለመቁረጥ ተስፋ ሰጠ።

ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደው ሙከራ የኅብረተሰቡ የበሽታ ስርጭት ከ63 ወደ 34 በመቶ ዝቅ አለ፤ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው ከተለያዩ የሀገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው በማወዳደር “እንዶድ 44” የተባለውን ምርጥ ዓይነት ለዩ። ሆኖም የዓለም አቀፍ ተቋማት ድጋፍ ለረጅም ጊዜ ዘገየ። በታዳጊ ሀገር ቤተ ሙከራ የተገኘው መረጃ በበለጸጉ ሀገሮች ቤተ ሙከራዎች መረጋገጥ አለበት ተባለ፤ ገበያውም በውድ በሚገዛ የኬሚካል ምርት እጅ ቆየ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1989 “ትክክለኛ ኑሮ” የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን የቀንድ አውጣ ዘመድ ለማጥፋት እንደሚያገለግል በአሜሪካ ሲታወቅ፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አስመዘገበ። ለዘመናት ተክሉን የተገለገሉበት የኢትዮጵያ እናቶች ግን በመዝገቡ ላይ አልሰፈሩም። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ፤ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ዛሬ የቢልሃርዝያ መከላከል በዋናነት የተመሠረተው በፕራዚኳንቴል ሕክምና ላይ ነው። ሆኖም የዳነ ሕፃን ወደዚያው ውኃ ሲመለስ ዳግም ይያዛልና የቀንድ አውጣው ጉዳይ አላበቃም።

ለጤና ባለሙያ ግን ሌላም ትምህርት አለ። በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ቀይ የደም ሕዋሳትን ሊያፈርስ ይችላል። ፅንስ ለማስወረድ ወይም ሌላ በሽታ ለማከም በአፍ የወሰዱት ሰዎች ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ሊገጥማቸው፣ ሕይወታቸውም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ምክንያቱ ያልታወቀ ትውከት ይዛ የመጣችን እናት፣ ሳያሸማቅቁ፣ ምን ጠጥታ እንደ ነበር መጠየቅ የሕክምናው አካል ነው።

በጉለሌ፣ ከዊንጌት ሰፈር በላይ በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የእጽዋት ማዕከል ከ700 ሄክታር በላይ በሆነ መሬት ተዘርግቷል። የሀገር ተክልን መጠበቅ ግን በማዕከል ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ሰፈሩ በቤት እየጠበበ፣ ሳሙናም በየሱቁ እየተገኘ ሲሄድ እንዶድ ከየአጥሩ ይነቀላል። ከተክሉ ጋር የሚጠፋው ፍሬው ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚለቀም፣ ለምን እንደሚውልና ለምን እንደማይውል የሚያውቁት እናቶች ዕውቀትም ነው። የአድዋው ግኝት የተጀመረው ተመራማሪው ያየውን ለአንዲት ልብስ አጣቢ በማቅረቡና እርሷም በመተባበሯ ነበር። ዛሬም ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡትን አረጋውያት የሚጠይቅና የነገሩትን በጥንቃቄ የሚጽፍ የጤና ባለሙያ ይህንኑ መንገድ ይቀጥላል።