የሚያንኮራፋው ልጅ እንዴት ተረሳ?



ልጅ ሌሊት ሲያንኮራፋ ቤት ውስጥ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ሲሯሯጥ ውሎ ደክሞት ነው»፣ «በአባቱ ወጥቶ ነው»፣ «እንዴት ያለ እንቅልፍ ጥሎታል!» ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ስለሚመስል ወላጅ በዚህ ምክንያት ልጁን ወደ ሐኪም አያመጣም። የሚያመጣው በሌላ ነው፦ ትምህርት አልገባ አለው፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ይነጫነጫል፣ ወይም ካቆመ በኋላ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ። የሌሊቱ ድምፅና የቀኑ ችግር ሊገናኙ እንደሚችሉ የሚታወቀው ስንጠይቅ ብቻ ነው።

ይህ ግንኙነት አዲስ ግኝት አይደለም። ሐኪሞች ከ130 ዓመት በፊት በግልጽ ጽፈውት ነበር። ከዚያ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ተረሳ። እንዴት እንደተረሳና እንዴት እንደተመለሰ ዛሬ ላጫውታችሁ፤ ታሪኩን ስታውቁ ስለ ልጃችሁ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁም ታውቃላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በመጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ

በእኛ አገር «ቶንሲል ያዘው» ስንል የጉሮሮ ኢንፌክሽን ማለታችን ነው። ቶንሲል ግን የበሽታ ስም ሳይሆን የሰውነት ክፍል ስም ነው። አፍ ሲከፈት በጉሮሮ ግራና ቀኝ የሚታዩት ሁለት እብጠት መሰል ሥጋዎች ቶንሲል ይባላሉ። አዴኖይድ ደግሞ የእነሱ ዘመድ ነው፤ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከላንቃ በላይ ተደብቆ ስለሚገኝ አፍ በመክፈት ብቻ አይታይም። ሁለቱም በሽታን የሚከላከለው ሥርዓት አካል ናቸው። መዋዕለ ሕፃናትና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በሚጀመርበት ዕድሜ ከጉሮሮው ስፋት አንጻር ትልቅ ሆነው ይታያሉ፤ ልጁ እያደገ ሲሄድ ይቀንሳሉ።

ልጁ ነቅቶ ሳለ የጉሮሮ ጡንቻዎች የአየር መንገዱን ከፍተው ይይዙታል። ሲተኛ ይላላሉ። ቶንሲሉና አዴኖይዱ ትልቅ ከሆኑ የቀረው መንገድ ይጠባል፤ በጠባቡ የሚያልፈው አየር ጉሮሮውን ሲያርገበግበው ማንኮራፋት ይሆናል። መንገዱ ጨርሶ ሲዘጋ ደግሞ ደረቱ እየታገለ አየር አይገባም። ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ለአፍታ ይባንናል፣ ልጁ አየር በኃይል ስቦ ተመልሶ ይተኛል። ይህ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ልጁ አሥር ሰዓት አልጋ ላይ ቆይቶም ሳይተኛ ያደረ ያህል ይነቃል። ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ እንለዋለን።

ኮፐንሃገን፣ 1868

የታሪኩ መጀመሪያ ዴንማርካዊው ሐኪም ዊልሄልም ሜየር ነው። መስማት የሚያስቸግራትና በአፍንጫዋ የታፈነች ያህል የምትናገር አንዲት ወጣት መጣችለት። ሜየር ጣቱን በአፏ በኩል ከላንቃዋ ጀርባ አስገብቶ ሲዳስስ መንገዱን የሞላ ለስላሳ ሥጋ አገኘ። በ1868 አዴኖይድ የሚያስከትለውን ችግር ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀ፤ የሚወጣበትንም መሣሪያ ሠራ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች አፋቸውን ከፍተው የሚተነፍሱ ልጆችን በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ።

በ1889 የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ሂል ስለ ልጆች «ኋላ ቀርነትና ድንቁርና» ምክንያቶች በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ። ቃላቱ የዘመኑ ናቸው፤ ለዛሬ ጆሮ ይከብዳሉ። ያስተዋለው ነገር ግን ትክክል ነበር። ሰነፍና ፈዛዛ ተብሎ የተተወው፣ ራሱን የሚያመው፣ በአፉ የሚተነፍስ፣ ሌሊት የሚያንኮራፋና የሚገላበጥ፣ ጠዋት አፉ ደርቆ የሚነሳ ልጅ የትምህርት ቤት ሐኪም ሊያየው ይገባል አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ታዋቂው ዊልያም ኦስለር በ1892 ባሳተመው የሕክምና መማሪያ መጽሐፍ የእነዚህን ልጆች እንቅልፍ ገለጸ፦ ጩኸት ያለው አተነፋፈስ፣ መሐል ላይ ረዘም ያለ ፀጥታ፣ ከዚያም ጥልቅ የአየር መሳብ። ዛሬ ስሊፕ አፕኒያን ለተማሪ ስናስረዳ ከዚህ ብዙም የተለየ ነገር አንልም።

ታዲያ እንዴት ተረሳ?

የረሱት ቶንሲሉን አይደለም፤ ሌሊቱን ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቶንሲል የበሽታ ሁሉ ምንጭ ነው የሚል አስተሳሰብ ነገሠ። ጉሮሮው ትልቅ መስሎ የታየ ልጅ ሁሉ ወደ ቀዶ ሕክምና ይላክ ጀመር። በሰኔ 1906 ኒው ዮርክ ውስጥ የአዴኖይድ ቀዶ ሕክምና በትምህርት ቤቶች ሲካሄድ «ሐኪሞች የልጆቻችንን ጉሮሮ እየቆረጡ ነው» የሚል ወሬ ከምሥራቅ አውሮፓ በፈለሱ አይሁዳውያን ሰፈር ተዛመተ። እናቶች በሺዎች ሆነው ትምህርት ቤቶቹን ከበቡ፤ መስኮት ተሰባበረ። እነዚያን እናቶች መሃይም ብሎ ማለፍ ይቀላል። ነገር ግን የሚናገሩትን ቋንቋ ችሎ ያስረዳቸው ሰው ባይኖር ማን ይፈርድባቸዋል?

በዚያው ከተማ በ1934 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ደግሞ የሐኪሞቹን ውሳኔ መረመረ። ዕድሜያቸው 11 ዓመት ከሆነ 1000 ተማሪዎች መካከል 611ዱ ቶንሲላቸው ቀድሞ ወጥቷል። የቀሩት 389 ለሐኪሞች ሲቀርቡ 174ቱ ይውጣላቸው ተባለ። «ደህና ናቸው» የተባሉት 215 ልጆች ለሌሎች ሐኪሞች ሲታዩ 99ኙ እንደገና ይውጣላቸው ተባለ። ከዚያ የተረፉት 116 ለሦስተኛ ጊዜ ሲታዩ 51 ተጨመሩ። ከ1000 ልጅ ያለ ቀዶ ሕክምና ትእዛዝ የቀሩት 65 ብቻ ናቸው! ችግሩ ምን ነበር? ሐኪሙ አፍ አስከፍቶ የሚያየውን እያየ ይፈርድ ነበር። ልጁ ሌሊት እንዴት እንደሚያድር ዋና ጥያቄ አልነበረም።

ከዚያ ፔኒሲሊንና ሌሎች አንቲባዮቲኮች መጡ። ያለ ልክ መቁረጥ ስህተት መሆኑ ሲታወቅ የቀዶ ሕክምናው ቁጥር ወረደ። ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ሆኖም በዚያው መጠን ቀዶ ሕክምናው በእርግጥ የሚያስፈልገው፣ ሌሊት የሚታፈነው ልጅ ከዓይን ጠፋ።

ሌሊቱ ተመልሶ ሲታይ

የመጀመሪያው ማንቂያ የመጣው ከልብና ከሳንባ ነው። በ1965 የልጆች ልብ ሐኪሟ ጃክሊን ኑናን ልባቸው የደከመ ሁለት ልጆችን ታሪክ አሳተመች። የልባቸው ድካም መነሻ ትልልቅ ቶንሲልና አዴኖይድ ነበር፤ እነዚህ ሲወጡ ልባቸው አገገመ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ደም ወደ ሳንባ የሚገፋው የቀኝ የልብ ክፍል ከአቅሙ በላይ ይሠራል፤ ይህ ለወራት ከቀጠለ ይደክማል።

በ1976 በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክርስቲያን ጊልሚኖና ባልደረቦቹ ከ5 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 8 ልጆችን ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሻቸውንና የአንጎላቸውን እንቅስቃሴ እየመዘገቡ አሳደሩ። ማንኮራፋት፣ የትምህርት ውጤት መውረድ፣ የጠዋት ራስ ምታት፣ አልጋ ላይ መሽናት፤ ሂልና ኦስለር በዓይናቸው ያዩት ሁሉ አሁን በወረቀት ላይ ተመዘገበ። በ1981 ደግሞ አውስትራሊያዊው ኮሊን ሱሊቫን በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድረውን ሲፓፕ የተባለ መሣሪያ አስተዋወቀ። ከዚያ በፊት ለከባድ ሕመም ዋናው መፍትሔ አንገት ላይ ቀዳዳ መክፈት ነበር።

የትምህርት ጉዳይስ? በ1998 ዴቪድ ጎዛል በክፍላቸው ውጤታቸው በጣም ዝቅ ያለ 297 የአንደኛ ክፍል ተማሪዎችን መርምሮ 54ቱ ሌሊት የአተነፋፈስ ችግር እንዳለባቸው አገኘ። ቀዶ ሕክምና ያደረጉት 24 ልጆች ውጤት በቀጣዩ ዓመት ተሻሻለ፤ ወላጆቻቸው ያልፈለጉት የ30ዎቹ ግን ባለበት ቀረ።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ሁሉም ይውጣ!» እንዳትሉ የ2013ቱን ጥናት ልጨምር። በካሮል ማርከስ የተመራው ይህ ጥናት ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆኑ 464 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹ ቶሎ እንዲታከሙ፣ ግማሾቹ ለ7 ወር በክትትል እንዲቆዩ አደረገ። በቀዶ ሕክምና ከታከሙት 79 ከመቶው፣ ከተጠባበቁት ደግሞ 46 ከመቶው የሌሊት አተነፋፈሳቸው ተስተካከለ። የታከሙት ልጆች ጠባይና የኑሮ ጥራት የበለጠ ተሻሽሏል፤ በትኩረት ፈተና ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ሁሉንም መቁረጥም ሁሉንም መተውም ልክ አይደለም፤ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው መታየት አለበት።

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ

እኛም የራሳችን የመቁረጥ ታሪክ አለን። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል በጣት ማስቧጠጥ ዛሬም አልጠፉም። ኒው ዮርክ ላይ ስህተት የነበረው አይቶ ብቻ መፍረድ እኛም ዘንድ አለ፤ ልዩነቱ እኛ ዘንድ ያለ ማደንዘዣና ባልጸዳ ምላጭ መሆኑ ነው። እንጥል መቁረጥ በቶንሲልና በአዴኖይድ የተዘጋን መንገድ አይከፍትም። የሚያመጣው የደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና ቴታነስ ነው፤ ሕይወት ያለፈባቸው ሕፃናትም አሉ። እባካችሁ አታድርጉት፤ አያት ቢገፋፉም በአክብሮት እምቢ በሉ።

ከዚህ ይልቅ ሌሊቱን ተመልከቱ። ልጃችሁ፦

• በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ያንኮራፋል?
• ትንፋሹ ቆም ብሎ በድንገት አየር ይስባል?
• አፉን ከፍቶ ወይም አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ይተኛል? በላብ ይጠመቃል?
• አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀመረ? ጠዋት ራሱን ያመዋል?
• ቀን ይነጫነጫል፣ ይቅበጠበጣል፣ ትኩረቱ ይበታተናል? (እንቅልፍ ያጣ ልጅ ከመፍዘዝ ይልቅ ሊቅበጠበጥ ይችላል።)

ጉንፋን ይዞት ለጥቂት ቀን ቢያንኮራፋ አትጨነቁ። ድምፁ ከደረት የሚወጣ ሲር ሲር የሚል ከሆነና ሌሊት የሚያስለው ከሆነ አስምም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። ከመጠን በላይ ውፍረት፣ የአፍንጫ አለርጂና ቤት ውስጥ የሚጨስ ሲጋራ ችግሩን ያባብሳሉ። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ባያንኮራፉም መመርመር አለባቸው። ልጁ ነቅቶ እያለ ለመተንፈስ ከታገለ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

የእንቅልፍ ምርመራ በየጤና ተቋሙ አይገኝም። ነገር ግን ዊልያም ኦስለር ያልነበረው መሣሪያ በእጃችሁ አለ፦ ስልካችሁ። ልጁ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ደረቱንና ፊቱን እያሳያችሁ፣ ድምፁም እንዲሰማ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹና ለልጆች ሐኪም ወይም ለአንገት በላይ ሐኪም አሳዩ። ቪዲዮው ብቻውን ምርመራ አይተካም። ሐኪሙ ቀን ጉሮሮውን ያያል፤ ሌሊቱን የምታዩት ግን እናንተ ናችሁ።

«ሰነፍ» የተባለ ልጅ በጎረቤታችሁ ካለ ይህን ጽሑፍ ለወላጆቹ አካፍሉ። ጤና ይብዛላችሁ!