ሜላኖማ፡ የቆዳ ካንሰርን ክብደት የሚያመለክቱ ፕሮቲኖች

ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡ ሕዋሳት የሚነሣ የካንሰር ዓይነት ነው። ከሌሎች የቆዳ ካንሰሮች ያነሰ ቢታይም ወደ ንፍፊት፣ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል የመሰራጨት ጠባዩ አደገኛ ያደርገዋል። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ በብዛት የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር በመሆኑ፣ እሾህ የወጋው ወይም ጫማ የላጠው ቁስል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሊታለፍ ይችላል።

በሽታው በናሙና ምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ የክብደቱ ቀዳሚ መለኪያ የዕጢው ውፍረት ነው። ይህን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1970 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም አሌክሳንደር ብሬስሎ ነው። ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይድናል፤ ከ4 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ግን የመሰራጨት ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

አመላካች ፕሮቲኖች ይህን መረጃ ያሟላሉ። እዚህ ላይ ፕሮቲን ሲባል ከጥራጥሬና ከሥጋ የሚገኘው ምግብ ሳይሆን፣ የሰውነት ሕዋሳት ራሳቸው የሚሠሩት ነገር ማለት ነው።

ኤል ዲ ኤች፦ በደም ውስጥ የሚለካ ኢንዛይም ነው። ካንሰሩ ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች በተሰራጨበት ሕመምተኛ ላይ መጠኑ ከፍ ካለ፣ በሽታው እንደከበደ ያመለክታል። ሆኖም በጉበት ሕመምና በጡንቻ ጉዳትም ስለሚጨምር ብቻውን የካንሰር ማረጋገጫ አይሆንም።

ኤስ መቶ ቢ፦ ቀለም ሰጪ ሕዋሳት የሚሠሩት ፕሮቲን ነው። በአንዳንድ የአውሮፓ ሀገራት ሐኪሞች ከሕክምና በኋላ የበሽታውን ማገርሸት ለመከታተል ይለኩታል።

ቢራፍ፦ የሕዋስን መራባት የሚያዝዝ ፕሮቲን ነው። ሲለወጥ ትእዛዙ አያቋርጥም። በሜላኖማ ላይ ያለው ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2002 ታወቀ፤ በ2011 ደግሞ የተለወጠውን ቢራፍ የሚገታው ቬሙራፌኒብ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። በውስጥ እግር በሚወጣው ሜላኖማ ላይ ግን ይህ ለውጥ የሚገኘው በጥቂቶቹ ብቻ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት የዕጢው ናሙና መመርመር አለበት።

እነዚህ ምርመራዎች የበሽታውን አካሄድ ይጠቁማሉ እንጂ የሰውን ዕጣ አይወስኑም። ዘግይቶ መምጣትንም አያካክሱም። በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር የሚሰፋ፣ ቅርጹን የሚለውጥ ወይም የሚደማ ጥቁር ነጥብ፣ እንዲሁም ሳይድን የሚቆይ ቁስል የታየበት ሰው ሳይቆርጠውና ሳይተኩሰው ወደ ጤና ተቋም ሊሄድ ይገባል። ዕጢው ገና ስስ ሳለ የሚደረስበት ሕክምና ከሁሉም ይበልጥ ተስፋ አለው።